ስለ ሳሌም የጥንቆላ ችሎት ድራማ ለምታዘጋጁ ሁሉ፦ ከጩኸቱ ይልቅ ችሎቱን አሳዩን

ይድረስ፦ በ1692 በማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት፣ በሳሌም የተካሄደውን የጥንቆላ ችሎት የሚመለከት ታሪካዊ ድራማ ለምትተረጉሙ፣ ለምታዘጋጁና ለምትተውኑ ሁሉ

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ተውኔትንና የችሎት ታሪክን ጎን ለጎን የምናጠና ሰዎች ነን። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በዚህ ድራማ ውስጥ ሐሰትን በልጃገረዶች ጩኸት ብቻ አታሳዩት፤ ያንን ሐሰት ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ማኅተም መትቶ ወደ ሞት ፍርድ የለወጠውን አሠራር መድረክ ላይ አውጡት። ልጆች በየዘመኑ ይዋሻሉ፣ ይፈራሉ፣ ይንፈራገጣሉ። 19 ሰው ለመስቀል ግን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ፖሊስና የማስረጃ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ ካልታየ ተመልካች "ያኔ ሰው አብዶ ነበር" ብሎ ቤቱ ይገባል፤ ድራማውም የተጻፈበትን ጉዳይ ሳይናገር ያልፋል።

ከታች የምንጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የታሪኩን መነሻ ታውቁታላችሁና እናሳጥረው። በ1692 መጀመሪያ፣ በሳሌም መንደር ሰባኪ በሳሙኤል ፓሪስ ቤት፣ የ9 ዓመቷ ልጁ ቤቲና 11 ወይም 12 ዓመት የሚሆናት ዘመዱ አቢጌል ዊልያምስ ሰውነታቸው ይጣመም፣ ይጮኹ ጀመር። ሐኪም መጥቶ "ክፉ እጅ ነክቷቸዋል" አለ። ሜሪ ሲብሊ የምትባል ጎረቤት የለከፋቸውን ሰው ለማወቅ ዱቄት በልጆቹ ሽንት ተለውሶ፣ ቂጣ ተጋግሮ ለውሻ እንዲሰጥ መከረች፤ ቂጣውን የጋገሩት የፓሪስ ባሮች ቲቱባና ጆን ነበሩ። ይህ ጎረቤቶቹ ከእንግሊዝ ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ቲቱባ ልጃገረዶቹን ጫካ ወስዳ አስማት አስተማረች፣ አስጨፈረቻቸው የሚለው በችሎቱ መዝገብ ውስጥ የለም። መዝገቡ ቲቱባን "ሕንዳዊት" (የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ማለቱ ነው) ነው የሚላት። ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው የአስማት መምህር ያደረጓት። እሷን በከበሮና በእሳት ዳር ጭፈራ የምትከፍቱ ከሆነ፣ በ1692 የተፈጸመባትን በደል ሳታውቁት ትደግሙታላችሁ።

አሁን ወደ ችሎቱ። የ12 ዓመት ልጅ አቤቱታ አቅርባ ሰው ማሳሰር አትችልም ነበር። ፌብሩዋሪ 29 ቀን ወደ ዳኞቹ ሄደው ክሱን የመሠረቱት አራት ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፦ ጆሴፍ ሃቺንሰን፣ ቶማስ ፑትናም፣ ኤድዋርድ ፑትናምና ቶማስ ፕሬስተን። በዚያው ቀን በሳራ ጉድ፣ በሳራ ኦስቦርንና በቲቱባ ላይ የመያዣ ትእዛዝ ወጣ። ከአራቱ ቶማስ ፕሬስተን የርብቃ ነርስ አማች ነበር። ወር ሳይሞላ፣ ማርች 24 ቀን፣ የ71 ዓመቷ አማቱ በዚያው መንገድ ተይዛ ቀረበች። ሃቺንሰን ደግሞ ኋላ ለርብቃ ነርስ ምልጃ ከፈረሙት 39 ሰዎች አንዱ ሆነ። እሳቱን ለኩሶ ኋላ ውኃ ይዞ የሚሮጥ ሰው ለድራማ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ይሁን እንጂ እነዚህ አራቱ ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ቦታ አያገኙም።

መጀመሪያው ትዕይንት አራት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ቀለምና ወረቀት ይበቃዋል። ጸሐፊው ስም ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ ቶማስ ፑትናም ይፈርማል። ጩኸቱ ከሌላ ክፍል ይሰማ። ተመልካቹ የሚያየው ብዕሩን ብቻ ይሁን።

ማርች 1 የተጀመረው ምርመራ በኢንገርሶል መጠጥ ቤት ሊካሄድ ታስቦ፣ ሕዝቡ ስለበዛ ወደ መንደሩ የጸሎት ቤት ተዛወረ። እንግዲህ ችሎቱ የተሰየመው ሰው በየሰንበቱ በሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ለመድረክ ንድፍ ይህ ብዙ ይሠራል፦ በመጀመሪያው ገቢር ለስብከት የዋለውን ወንበር ሳታነሱ ለምርመራው ተጠቀሙበት። መርማሪዎቹ ጆን ሃቶርንና ጆናታን ኮርዊን ነበሩ። ሃቶርን ሳራ ጉድን የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ "ከየትኛው ክፉ መንፈስ ጋር ነው የምትወዳጂው?" የሚል ነው። ጥቂት ቆይቶ "እነዚህን ልጆች ለምን ትጎጂያቸዋለሽ?" አላት። "ጎድተሻል ወይ?" ብሎ አልጠየቃትም። ወንጀሉ እንደተፈጸመ ተቆጥሮ፣ የቀረው ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ሆነ። ሃቶርንን የሚጫወተው ተዋናይ መቆጣት አያስፈልገውም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሥራው፣ መልሱን እንደሚያውቅ ሰው ይጠይቅ። አስፈሪነቱ እዚያ ላይ ነው።

የማስረጃውን ደንብ ደግሞ በደንብ ልናብራራ እንወዳለን፤ ድራማው የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ነውና። ልጃገረዶቹ "የእገሊት ጥላ መጥቶ ነከሰኝ፣ አነቀኝ፣ መጽሐፍ ፈርሚ አለኝ" ይላሉ። ጥላው ለእነሱ ብቻ ነው የሚታየው። ተከሳሿ "እኔ በዚያ ሰዓት ቤቴ ነበርኩ፣ ይኸው ምስክሬ" ብትል ምንም አይረባትም፤ አካሏ ቤቷ እንደነበረ ማንም አልካደም። ጥያቄው አንድ ሆኖ ቀረ፦ ሰይጣን በንጹሕ ሰው አምሳል መገለጥ ይችላል ወይስ አይችልም? ዋና ዳኛው ዊልያም ስቶተን "ያለ ሰውየው ፈቃድ አይችልም" ብሎ ያዘ። ስቶተን ሃርቫርድ የተማረው ለሰባኪነት ነበር። ይህ አቋም እንደጸና፣ በዓለም ላይ ተከሳሽን ነጻ የሚያወጣ የመከላከያ ማስረጃ አለቀ። ተከላካይ ጠበቃም አልነበራቸውም። በእኛ ግምት የድራማው ቁልፍ ጊዜ ስቶተን ይህን ቃል የሚናገርበት ነው። ዝም ብሎ በቃለ ተውኔት መሐል እንዲያልፍ አታድርጉት፤ አንድ የሃይማኖት ምሁር "ሰይጣን ተንኮለኛ ከሆነ በንጹሕ ሰው መልክ ከመምጣት ማን ይከለክለዋል?" ብሎ ይከራከረው። ክርክሩ በእርግጥ ነበር። ጁን 15 ቀን ሰባኪዎች በጽሑፍ በሰጡት ምክር ስለዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳሰቡ፤ በዚያው ጽሑፍ መጨረሻ ግን ክሱ በፍጥነትና በብርታት እንዲቀጥል አበረታቱ። ዳኞቹ መጨረሻውን ብቻ አነበቡ።

ስለ ልጃገረዶቹ እንቅስቃሴ። ብዙ ዝግጅቶች ላይ የምናየው ስህተት ልጃገረዶቹ ሁሉ በየፊናቸው መሬት ላይ መንከባለላቸው ነው። እንዲህ ሲሆን ተመልካች ግራ ይጋባል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ይሰለቻል። መዝገቡ የሚያሳየው ሌላ ነው፤ የተከሳሹን አካል እየተከተሉ ነበር የሚንቀሳቀሱት። ማርታ ኮሪ ከንፈሯን ስትነክስ ተነከስን አሉ። ርብቃ ነርስ አንገቷን ወደ ጎን ስታዘነብል የአንዷ ልጅ አንገት እንደዚያው ተጠማዘዘ። ሜሪ ኢስቲ እጇን ስትጨብጥ የመርሲ ሉዊስ እጅ ተጨበጠ፤ የኢስቲ እጅ ሲፈታ የእሷም ተፈታ። በልምምድ ላይ ሥሩበት፦ ተከሳሿ ትንሽ እንቅስቃሴ ታድርግ፣ አንዷ ልጅ ግማሽ ሰከንድ ዘግይታ ትከተል፣ ሌሎቹ ከእሷ ይቀበሉ። ተከሳሿ ይህን ስትረዳ ምን ታደርጋለች? ትደነዝዛለች። አፍንጫዋን እንኳ ማሳከክ ትፈራለች። ሙሉ አዳራሽ ሰው አንዲት አሮጊት እንዳትንቀሳቀስ ስትታገል ሲያይ ድምፅ አያስፈልግም።

ልጃገረዶቹ ውሸታሞች ነበሩ ወይስ በእርግጥ የታመሙ? ሁለቱም ዓይነት እንደነበሩ እናምናለን፤ አንዷ ልጅ ራሷ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ልትሆን ትችላለች። ለፍርሃታቸው ምክንያት ነበር። በሰሜን ድንበር ጦርነት ነበረ፤ መርሲ ሉዊስን ጨምሮ ከከሳሾቹ መካከል ከሜይን ጦርነት የተረፉ አሉ። በመንደሩም የሰባኪው የፓሪስ ደመወዝና ማገዶ ያስነሳው ጠብ ነበር። ማታለሉ ደግሞ በዓይን የታየበት ጊዜ አለ፤ ይህን ትዕይንት በየትኛውም ዝግጅት ብታስገቡት አትከስሩም። በሳራ ጉድ ችሎት ላይ አንዷ ልጅ የጉድ ጥላ በቢላ ወጋኝ ብላ ጮኸች፣ የተሰበረ የቢላ ስለትም አወጣች። አንድ ወጣት ከሕዝቡ መሐል ተነስቶ፣ ቢላው የእሱ እንደሆነ፣ በዋዜማው እንደተሰበረና ስባሪውን እሷ እያየችው እንደጣለው ተናገረ። የቀረውን እጀታ አወጣ፤ ሁለቱ ቁራጮች ገጠሙ። ዳኛው ምን አደረገ? ልጅቱን "ሁለተኛ እንዳትዋሺ" አላት፣ ምስክርነቷንም ቀጠለች። ሳራ ጉድ ጁላይ 19 ተሰቀለች። ቢላው የገጠመበትን ድምፅ ተመልካቹ ይስማው፣ ከዚያም ጸሐፊው መጻፉን ይቀጥል።

ስለ ሜሪ ዋረንም እንዲሁ። ኋላ ራሱ የተከሰሰው የጆን ፕሮክተር ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ 20 ዓመት የሚሆናት። ኤፕሪል ላይ ሌሎቹ ልጃገረዶች እያስመሰሉ ነው አለች። ወዲያው እሷ ራሷ ተከሰሰች፣ ታሰረች፤ ከዚያ ተመልሳ ከሳሽ ሆነች። እውነት መናገር በዚያ ቤት ምን ያህል ቀን እንደሚያቆይ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ገጸ ባሕርይ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኑዛዜው። በተለመደው የወንጀል ፍርድ ያመነ ይቀጣል፣ የካደ የመዳን ዕድል አለው። በሳሌም ተገለበጠ። ቲቱባ አመነች፤ ኋላ እንደተናገረችው ጌታዋ ደብድቦ ነው ያሳመናት። ካመነች በኋላ ሌሎች ጠንቋዮች እንዳሉ፣ መጽሐፍ ውስጥ ፊርማቸውን እንዳየች ተናገረች። ምስክር ሆና ስለምታስፈልግ ሳትሰቀል ቀረች። መንደሩ ይህን አየ። ከዚያ በኋላ ከ50 በላይ ሰዎች አመኑ። አምነው በቃላቸው የጸኑት ውስጥ አንድም የተሰቀለ የለም። ሳሙኤል ዋርድዌል አምኖ ነበር፣ ኋላ "ውሸቴን ነው" ብሎ ቃሉን መለሰ፤ ሴፕቴምበር 22 ተሰቀለ። የሕጉ ዋጋ ዝርዝር ይህ ነው፦ ለሐሰት ሕይወት፣ ለእውነት ገመድ። ኑዛዜ ደግሞ ባዶውን አይበቃም፤ "ከማን ጋር ነበርሽ?" ይባላል። ያመነ ሁሉ ሌላ ስም ይሰጣል፣ ስሙ የተጠራው ይያዛል፣ እሱም ያምናል ወይም ይሞታል። በጅምላ የመጣው ሽብር በዚህ ቧንቧ ነው የፈሰሰው። ከሳሌም አልፎ ወደ አንዶቨር ሲደርስ ከ40 በላይ ሰው ተከሰሰ።

ማርጋሬት ጃኮብስን አስቡ። ወጣት ናት። ካላመንሽ ጉድጓድ እስር ቤት ትገቢያለሽ፣ ትሰቀያለሽ፤ ካመንሽ ትድኛለሽ አሏት። አመነች፣ በገዛ አያቷ በጆርጅ ጃኮብስና በሰባኪው ጆርጅ በሮውስ ላይ መሰከረች። ኅሊናዋ አላስቀመጣትም፤ ቃሏን መለሰች። ሁለቱም ግን ኦገስት 19 ተሰቀሉ። እሷ ታማ ችሎቷ ስለዘገየ ተረፈች። ጆን ፕሮክተርም ጁላይ 23 ከእስር ቤት ለቦስተን ሰባኪዎች ደብዳቤ ጽፏል። ወጣቶችን አንገታቸውን ከተረከዛቸው ጋር አስረው ደም ከአፍንጫቸው እስኪወጣ እንዳቆዩአቸው፣ ልጁ ዊልያም አንዱ እንደሆነ ገልጾ፣ ችሎቱ ወደ ቦስተን እንዲዛወር ካልሆነም ዳኞቹ እንዲለወጡ ለመነ። ልብ በሉ፣ ፕሮክተር በደብዳቤው ምሕረት አልለመነም፤ የጠየቀው የችሎት ቦታና የዳኛ ለውጥ ነው። ጉዳዩ የአሠራር ጉዳይ እንደሆነ ከማንም በፊት የገባው በገመዱ ሥር ያለው ሰው ነበር።

የርብቃ ነርስ ብይንም በዚሁ ረድፍ ነው። ጁሪው፣ ማለትም ብይን የሚሰጡት 12 ሰዎች፣ መጀመሪያ "ጥፋተኛ አይደለችም" ብሎ ወጣ። ልጃገረዶቹ ጮኹ፣ ዳኞቹም አልተደሰቱም፤ ስቶተን ጁሪውን አንድ ነገር አስታውሱ አለ። ያመነች እስረኛ ለምስክርነት ስትመጣ ነርስ "ከእኛ አንዷ ናት" የሚል ቃል ተናግራ ነበር። ከጠንቋዮቹ አንዷ ማለቷ ነው ወይስ ከእስረኞቹ? ጠየቋት። አልመለሰችም። አሮጊት ናት፣ ጆሮዋ ይከብዳታል፣ አዳራሹ ይጮኻል፤ ጥያቄው አልተሰማትም። ጁሪው ተመልሶ ገብቶ "ጥፋተኛ" ብሎ ወጣ። አገረ ገዢው ፍርዱን አግዶ፣ እገዳውን መልሶ አነሳው። ይህን ስታዘጋጁ ነርስን እንደ ሰማዕት ከብርሃን ሥር አታቁሟት። ጥያቄው ተመልካችም በደንብ እንዳይሰማው ሆኖ ከጫጫታው ውስጥ ይነገር። እሷ ፈገግ ብላ ዙሪያዋን ትይ።

ስለ ትርጉም ሁለት ቃላት ያሳስቡናል። አንደኛው "ጠንቋይ" ነው። በአማርኛ ጠንቋይ ሰው ችግር ሲገጥመው ገንዘብ ይዞ የሚሄድበት፣ ዕጣ የሚያወጣ ሰው ነው። ሳሌም ላይ የተከሰሱት ግን ከሰይጣን ጋር ተዋውለው፣ መጽሐፉን ፈርመው ጎረቤት ይጎዳሉ የተባሉ ሰዎች ናቸው። "ቡዳ" የሚለው በአንድ በኩል ይቀርባል፤ የተለከፈው ሰው እየጮኸ የለካፊውን ስም ይጠራልና። ግን ቃሉ ሌላ ታሪክና ሌላ በደል ጎትቶ ስለሚመጣ ተመልካቹን ከማሳቹሴትስ ያስወጣዋል። የእኛ ሐሳብ በክስ አንቀጹ ላይ "ከሰይጣን ጋር ተዋውላ" የሚለውን በሙሉ ማስነበብ፣ በተራው ንግግር "ጠንቋይ" ማለት ነው። ተመልካች አንዴ ውሉን ከሰማ ቃሉን ራሱ ያርመዋል።

ሁለተኛው "የመንጋ ፍርድ" ነው። በማስታወቂያም በትንታኔም ይህ ሐረግ ለሳሌም ሲሰጥ እናያለን። እባካችሁ አትጠቀሙበት። መንጋ ማንንም አልገደለም። ማንም በጎዳና አልተወገረም። እያንዳንዱ ስቅላት አቤቱታ፣ የመያዣ ትእዛዝ፣ ቅድመ ምርመራ፣ ክሱ ለችሎት ይበቃል ብሎ የሚወስነው የትልቁ ጁሪ ውሳኔ፣ የ12 ሰው ብይንና በዋና ዳኛ የተፈረመ የሞት ትእዛዝ ነበረው። አገረ ገዢው ዊልያም ፊፕስ በሜይ መጨረሻ ያቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት ስሙ እንኳ "መስማትና መወሰን" ማለት ነበር። ሕዝቡ ፈርቷል፣ ጮኋል። ፍርዱ ግን የመንጋ አልነበረም፤ የመንግሥት ነበር። ይህን ልዩነት ካጠፋችሁት ፈራጆቹን ነጻ አወጣችኋቸው።

የፍቅር ታሪኩን በተመለከተ፦ በ1953 ኒው ዮርክ ላይ ለመድረክ የበቃው የአርተር ሚለር ድራማ ለአቢጌል ዕድሜ ጨምሮላት ከፕሮክተር ጋር እንዳገናኛቸው ይታወቃል። በእውነቱ እሷ 11 ወይም 12፣ እሱ 60 ገደማ ነበሩ። ጸሐፌ ተውኔት ይህን የማድረግ መብት አለው፤ ሐሰተኛ ክስ በቅናት ሲነሳ ለተመልካች ቶሎ ይገባዋል። ጉዳቱ አዘጋጁ ክብደቱን ሁሉ እዚያ ሲጥል ነው፤ የተናቀች ልጃገረድ በቀል ሆኖ ይቀርና ስቶተን አጃቢ ይሆናል። የመሬት ጠቡን፣ ጦርነቱን፣ የቶማስ ፑትናምን ብዕር የምታሳዩባቸው ትዕይንቶች ካሉ በቁረጣ ጊዜ እነሱን አትንኩ።

ሌሎቹን ስህተቶች በፍጥነት እንለፋቸው። በሳሌም ማንም አልተቃጠለም፤ 14 ሴቶችና 5 ወንዶች ተሰቅለዋል፣ ቢያንስ 5 ሰዎች እስር ቤት ሞተዋል። ስለዚህ በማስታወቂያ ሥዕሉ ላይ እሳት አታድርጉ። ጃይልስ ኮሪ 80 ገደማ የሆነ ገበሬ ነው፤ በጁሪ አልዳኝም ስላለ ሴፕቴምበር 19 በድንጋይ ክብደት ተጨፍልቆ ሞተ፤ ይህ እንዲናገር ለማስገደድ የተደረገ እንጂ የተፈረደበት የሞት ቅጣት አልነበረም። የተበላሸ እህል መርዟቸው ነው የሚለው በ1976 የቀረበ ግምት የልጃገረዶቹን መጣመም ተከሳሽ ሲነካቸው ለምን ቀጥ እንደሚል አይመልስም፤ በመድረክ ላይ መልስ አድርጋችሁ አታቅርቡት። ሳራ ጉድ የታሰረችው ብቻዋን አልነበረም፤ 4 ወይም 5 ዓመት የሚሆናት ልጇ ዶሮቲም ተከስሳ ለወራት በሰንሰለት ታስራለች። ይህችን ሕፃን የሚያስገባ ድራማ አልፎ አልፎ ነው የምናየው።

ስለ ፍትሕ የምትናገሩ ከሆነ እንዴት እንደቆመም አሳዩ። ተአምር አልነበረም፤ የማስረጃ ደንቡ ተቀየረ፣ ክሱ ፈረሰ። ሜሪ ኢስቲ ሞቷን አውቃ በጻፈችው አቤቱታ ለራሷ ሕይወት አልለመነችም፤ የተለከፉት ልጃገረዶች ለየብቻቸው ተለይተው እንዲቆዩና እንዲመረመሩ፣ ያመኑትም ሰዎች እንዲፈተኑ መከረች። ምክሯ ትክክል ነበር። ትንሿ ቤቲ ፓሪስ ገና በማርች ወደ ሌላ ቤት ተልካ እዚያ ተሽሏት ነበርና። ኢስቲ ሴፕቴምበር 22 ከሌሎች ሰባት ጋር ተሰቀለች። በኦክቶበር መጀመሪያ ሰባኪው ኢንክሪዝ ማዘር አንድ ንጹሕ ከሚኮነን አሥር ተጠርጣሪ ቢያመልጥ ይሻላል የሚል ጽሑፍ አቀረበ፤ በወሩ መጨረሻ ፊፕስ ልዩውን ፍርድ ቤት በተነ። በጃንዋሪ 1693 በተከፈተው አዲስ ፍርድ ቤት የጥላ ምስክርነት ብቻውን አልበቃ አለ። 50 ያህል ሰው ቀርቦ ሦስት ብቻ ጥፋተኛ ተባሉ፣ እነሱም አልተሰቀሉም። ዳኞቹ አብዛኞቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ ስቶተንም በዚያው ወንበር ላይ። ሰዎቹ ሳይቀየሩ ደንቡ ሲቀየር ውጤቱ ተቀየረ። ይህን ከመጋረጃ በፊት ለማሳየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ይቅርታም ነበር። በጃንዋሪ 1697 ዳኛው ሳሙኤል ሱዎል ጥፋቱን የሚያምንበት ጽሑፍ ሲነበብ በምእመናን ፊት ቆሞ አዳመጠ፤ 12 የጁሪ አባላትም በጽሑፍ ተጸጸቱ። በ1706 ከከሳሾቹ ልጃገረዶች አንዷ የነበረችው የቶማስ ፑትናም ልጅ አን ፑትናም ይቅርታዋን አስነበበች፤ በክፋት ሳይሆን በሰይጣን ማታለል ነው አለች። ስቶተን አልተጸጸተም። በ1711 የ22 ሰዎች ፍርድ ተሽሮ 578 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ካሳ ተመደበ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ በ1693 ጥፋተኛ ከተባሉት ከሦስቱ አንዷ የሆነችው የኤልሳቤጥ ጆንሰን ስም ግን የጠራው በ2022 ነው፣ እሱም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ለሕግ አውጪው አቤት ብለው።

የመጨረሻው ልመናችን ስለ አንድ የመድረክ ቁሳቁስ ነው። እስረኛ የታሰረበትን ወጪ ራሱ ይከፍል ነበር። የቦስተን እስር ቤት ጠባቂ ሒሳብ ውስጥ ለሳራ ጉድና ለሳራ ኦስቦርን ሰንሰለት 14 ሺሊንግ ተጽፏል፤ የእስረኛ ቀለብ በሳምንት 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። በነጻ የተለቀቀም ሰው ሒሳቡን ካልዘጋ አይወጣም። ቲቱባ ከአንድ ዓመት በላይ ታስራ ክሷ ሲወድቅ ፓሪስ አልከፍልም አለ፤ ሌላ ሰው ከፍሎ ወሰዳት፣ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች መዝገብ የለም። ሊዲያ ደስቲን የምትባል አሮጊት በ1693 መጀመሪያ በነጻ ተሰናብታ፣ መክፈያ አጥታ ማርች 10 ቀን እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ስለዚህ በመጨረሻው ትዕይንት በሩ ይከፈት። ጠባቂው በደጃፉ ቆሞ ይቆይ፣ በእጁም ወረቀት ይኑረው። በመጀመሪያው ትዕይንት አቤቱታው የተጻፈበትን ዓይነት ወረቀት ተጠቀሙ፤ ሴትየዋ ትቀበለውና አገላብጣ ትየው።

ከአክብሮት ጋር
የችሎት ታሪክና የተውኔት አጥኚዎች